ሠላሳ ስድስተኛው ግድግዳ

በሰፈራ አሥራ አንድ የሥራ ቀን የሚጀምረው በመጥረጊያ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዘምዘም ቀጣዩ ክፍል የሚሠራበትን መሬት ውሃ አርከፍክፋ ትጠርገዋለች። ገለባ፣ የእግር ዱካ፣ የብስኩት ወረቀት፣ ምንም አይቀርም። እሜቴ በቆሸሸ መሬት ላይ አትጽፍም። አንድ ቀን ዘምዘም የዘነጋቻትን የፕላስቲክ ጫማ አይታ ሳትጽፍ ተመልሳ ሄዳለች፤ የዚያን ቀን አርባ ሦስት ሰው ሥራ ፈትቶ ዋለ፣ ዘምዘምም ለሁለት ሳምንት መጥረጊያ እንዳትነካ ታገደች።

እሜቴ የሚሏት ድሮኗን ነው። በመዝገብ የምትታወቀው በቁጥር ቢሆንም፣ ከሞጆ በስተምሥራቅ ባለው በዚያ ሜዳ ላይ በቁጥሯ የምትጠራት ኢንጂነር ራኬብ ብቻ ናት። ድምፅዋ ሲሰማ ሠራተኛው ሁሉ ከተጠረገው መሬት ሃያ እርምጃ ይርቅና ኮፍያውን ያወልቃል። ኮፍያ ማውለቅ ትእዛዝ ነው፤ ጥላው ልኬት ያዛባል ተብሏል። ከሩቅ ለሚያይ ግን ሰዎቹ ለትልቅ ሰው የተነሡ ይመስላሉ፤ ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው። እሷም ከቆመው የመጨረሻ ግድግዳ ተነሥታ ሦስት ሜትር ከሃያ ትለካለች፣ ዝቅ ብላ ሰማያዊ መስመር ታሰምራለች፣ ትሄዳለች። ሥራው በሙሉ አራት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሕግ ነው።

ሜትርና ሲባጎ ይዞ ወደ ሳይት መግባት ከተከለከለ በዚያ በ2068 ዓ.ም. በጋ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለት ልኬት ካለ ክርክር አለ፣ ክርክር ካለ ሥራ ይቆማል ነው ምክንያቱ። ጥበቃው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ኪስ ይዳብሳል። እንየው ግንበኛው መጀመሪያ ሰሞን እጁ ኪሱ እየገባ ያስቸግረው ነበር፤ በኋላ ተወው።

እንየው ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው በሠራተኞች ዳስ ውስጥ፣ ከታች ሰው ተኝቶበት፣ ከላይ ሰው ተኝቶበት፣ በመካከለኛው አልጋ ላይ ነው። ሚስቱ ትጓደድ ቡሬ ወንድሟ ቤት ተጠግታ ማድቤት ውስጥ ታድራለች። በየእሑዱ በስልክ ትጠይቀዋለች፦

"ደረሰ ወይ?"

"ሊደርስ ነው።"

"አምና እንዲህ ብለህ ነበር።"

"አምና ግድግዳ አልነበረም። አሁን ግድግዳ አለ።"

ደንቡ የሠራ ያድርበት የሚል ነው። በዳገቱ ግርጌ ሠላሳ ሰባት ክፍሎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሠሯቸው ሰዎች በዕጣ ይገቡባቸዋል። ለእንየው የደረሰው የመጨረሻው፣ ሠላሳ ሰባተኛው ነው። ይህ ካመለጠው ወደ ወረፋው ጭራ ይመለሳል፤ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ደግሞ ወረፋው አይመዘግብም። እንየው በመጪው ጳጉሜን ስልሳ ሁለት ይሞላዋል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሠላሳ አምስተኛው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ትናንት ያለቀ ነው። ወገቡን ስላመመው የሚጋደምበት ነገር ፈልጎ በአንዱ ጥግ የተረፉትን ብሎኬቶች ወለሉ ላይ ደረደራቸው። አንድ ብሎኬት አርባ ሴንቲ ነው፤ ስምንት ብሎኬት ሦስት ሜትር ከሃያ። ስምንቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክ መግባት ነበረባቸው፤ ገቡም፣ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተረፈ። እንየው ጣቱን ከተተበት። ሳይጠብም ሳይሰፋም ልክ ሆነ።

ወደ ሠላሳ አራተኛው ክፍል ብሎኬቶቹን አሻግሮ ደረደረ። አንድ ጣት። ሠላሳ ሦስተኛው ውስጥ፣ አንድ ጣት። ከዚያ በኋላ መደርደር አላስፈለገውም፤ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር የእሜቴን ሰማያዊ መስመር አየው። ብሎኬቱ መስመሩን አልረገጠውም፤ በየክፍሉ አንድ ጣት አልፎት ነው የቆመው። ቀድመው የገቡት ሰዎች ያንን ሰማያዊ ለጌጥ የተቀባ መስሏቸው በጨርቅ ይወለውሉታል።

የማን ጣት እንደሆነ ያውቀዋል። የራሱ ነው።

በሲባጎ ዘመን ብሎኬት ሲባጎን መንካት አልነበረበትም። የነካ ብሎኬት ሲባጎውን ይገፋል፣ የሚቀጥለው የተገፋውን ይከተላል፣ ግድግዳው እያደር ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ ግንበኛ ከሲባጎው አንድ ጣት አሳልፎ ያስቀምጣል። ሲባጎ ወጣሪውም ይህን ስለሚያውቅ ሲባጎውን አንድ ጣት አስገብቶ ይወጥረዋል። ሁለቱ ልማዶች እንደ ባልና ሚስት ተቻችለው ኖሩ። እንየው ልማዱን ለተማሪዎቹ ያስገባው በቃል ብቻ አይደለም፤ ሲባጎ የነካውን እጅ በዚያው እርጥብ ሲባጎ ይሸነቁጠው ነበር። በሰፈራ አሥራ አንድ ካሉት ግንበኞች አሥራ ስምንቱ በእሱ እጅ የተሸነቆጡ ናቸው። ከዚያ ሲባጎ ወጣሪው ከሥራ ወጣ፣ እሜቴ መጣች፣ ግንበኛው ግን ቀረ።

ሠላሳ አምስት ግድግዳ ቆሟል፤ ሠላሳ አምስት ጣት ማለት ሰባ ሴንቲ ነው። የረድፉ የመጨረሻ ግድግዳ ከዳገቱ ጋር ተያይዞ ከሁሉ በፊት የቆመ ስለሆነ አይነቃነቅም። የጎደለው ሁሉ የሚጎድለው ከሠላሳ ሰባተኛው ክፍል ነው። ሰው የሚገባበት ክፍል ደግሞ ከሁለት ሜትር ከሃምሳ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ዕቃ ቤት ይባላል። እንየው ጣቶቹን አጥፎ ቆጠረ። ሠላሳ ስድስተኛው ግድግዳ መስመሩን ረግጦ ቢቆም ክፍሉ ሁለት ሜትር ከሃምሳ ይሆናል። አንድ ጣት ቢያልፍ አርባ ስምንት።

ኢንጂነር ራኬብ በኮንቴይነር ቢሮዋ ውስጥ በጥሞና ሰማችው። ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ልጅ ናት።

"ሁሉም ግድግዳ እኮ አረንጓዴ ነው ጋሼ፤ ይመልከቱት" ብላ ሰሌዳዋን አዞረችለት። "ስሕተት የሚባለው ከሁለት ሴንቲ ተኩል ሲያልፍ ነው። አንዱም አላለፈም።"

"አንዱም አላለፈም። ሁሉም ሲደመር ነው ያለፈው።"

"ሰሌዳው ድምር የሚያይበት ቦታ የለውም።"

"ታዲያ ከመጀመሪያው ግድግዳ ተነሥታ ብትለካስ?"

"ከቆመው ነው የምትነሣው። የቆመ አይፈርስም፤ ደንቡን እርስዎም ያውቁታል።"

ያውቀዋል። ደንቡ የወጣው የማፍረስ ዘመን ሲያበቃ ነው፤ በወጣ ቀን እሱም አብሮ አጨብጭቧል።

"ቅሬታ ላስመዝግብልዎ እችላለሁ" አለች ራኬብ። "ግን ምክንያት ይጠይቀኛል። ሦስት ምርጫ ነው ያለው። የመሬት መንሸራተት፣ የቁሳቁስ ጉድለት፣ የሰው ጥፋት። የሰው ጥፋት ካልኩ ስም እጽፋለሁ። የተጻፈው ሰው ዕጣው ይታገዳል።"

"ግንበኞቹ ምን አጠፉ? እንዳስተማርኳቸው ነው የሠሩት።"

"እሱን ነው የምልዎት።"

"የእኔን ስም ጻፊያ።"

"እርስዎ እነዚህን ግድግዳዎች አልገነቡም። አስተማሪ የሚል ቦታ የለውም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሠላሳ ስድስተኛው ገና ነው። እሱን በትክክል ያስገንቡ። ከዚያ ወዲያ ምንም አያስፈልግዎትም።"

ሠላሳ ስድስተኛውን ክፍል የሚሠራው ዕጣው የደረሰው ቢተው ነው። ቢተው የእንየው የመጨረሻ ተማሪ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ስመኝ ስድስተኛ ወሯ ነው። እንየው ማታ ሳይሆን እዚያው ሥራ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት በውሃው በርሜል አጠገብ ያዘው።

"ነገ አንድ ግድግዳ ልለምንህ ነው።"

"ግድግዳ ይለመናል እንዴ ጋሼ? ሲሚንቶ ይበሉኝ፣ ሰርቄም ቢሆን አመጣለሁ።"

"ስማኝ። መስመሩ ላይ አስቀምጠው። ክፍተት አትተው። ብሎኬቱ ሰማያዊውን ይርገጠው።"

ቢተው ሳቀ። "ይሄን እርስዎ ሲሉት ቄስ ጾም ፍቱ ያለ ነው የሚመስለኝ።"

እንየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ቢተው እየሰማ ሳቁን ተወ፣ የእጁን ጭቃ በሱሪው ጠረገ።

"አንድ ጣት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እናቴ ትሙት፣ መስመሩ ላይ ነው የማቆመው።"

በርሜሉ አጠገብ የነበረችው ስመኝ ጀሪካኗን እያነሣች "አይጠራጠሩት ጋሼ" አለች። "ካጠፋ እኔ ራሴ በዚያ በሲባጎዎ እሸነቁጥልዎታለሁ።"

"ሲባጎ የት አግኝተሽ" አለ እንየው፤ ሦስቱም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ድልድል በየስልኩ ሲመጣ እንየው ከረድፉ በታች የድጋፍ ግንብ ላይ ተመድቦ ራሱን አገኘ። ድልድል አይለወጥም። እስከ ስድስት ሰዓት ድንጋይ ሲደረድር ዋለና የምሳ ደወል እንደተደወለ በዳገቱ ቶሎ ቶሎ እየረገጠ ወጣ።

ግድግዳው አራት ረድፍ ሆኖ ቆሟል። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ መጋጠሚያው እኩል፣ ጫፉ ቀጥ ያለ። ከሥሩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ጣት ያህል ሳያዛንፍ፣ ሰማያዊው መስመር ይታያል።

ቢተው ምሳውን አልከፈተም። ባዶ ባሬላ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

"የመጀመሪያውን ብሎኬት መስመሩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት ጋሼ። ሁለተኛውንም። ከዚያ የስመኝን ነገር ሳስብ ነበር፣ ሐኪሙ እግሯ ማበጡን አልወደደላትም። ቀና ስል ረድፉ አልቋል።"

"ሁለቱስ?"

"ሁለቱንም እጄ መልሶ ከሌሎቹ ጋር አስተካክሏቸዋል።"

እንየው ጎንበስ ብሎ አየ። እውነት ነው፤ በሁለቱ ብሎኬቶች ሥር ሲሚንቶው ሁለት ጊዜ የተነካ ነው። ጥሩ ግንበኛ ብቻ ነው እንዲህ የሚያርመው።

"አፍርሰው።"

"ሦስተኛው ረድፍ ካለፈ የቆመ ይባላል። እሜቴ ከአንድ ሰዓት በፊት መጥታ መዝግባዋለች።"

እንየው ሰማያዊውን መስመር በጣቱ ለካ። ሆን ብሎ ይሆን ወይ የሚል ነገር ወደ ሐሳቡ ገባ፤ እንዳልሆነም ያውቃል፤ እያወቀ ግን ነገሩን አላስወጣውም። ያቺ የመጨረሻዋ ጣት አሁን ያለችው በቢተው ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ አምስቱ ሌሎች ጎረቤቶችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጣት ይዘዋል፤ ከአልጋቸው ሥር፣ ከቁም ሣጥናቸው ኋላ፣ ሳያውቁት።

እሑድ ትጓደድ ደወለች። "ደረሰ ወይ?" ስትለው "ደርሷል" አላት። እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ እያለቀሰች መሆኑን ሰማ። ወንድሟ ማድቤቱን ለልጁ ሙሽራ እንደሚፈልገው የነገረችውም ያን ጊዜ ነው።

ጣሪያው ተመትቶ ርክክቡ ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ። ዘምዘም የሠላሳ ሰባተኛውን ክፍል ፍርስራሽ ስታወጣ እንየው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ ያኔ በሰፈሩ ሁሉ ተወርቷል።

"ግድግዳው ከወፈረብዎ ይላጩታ" አለችው መጥረጊያዋን ሳታቆም።

"ቀልደሽ ሞተሻል።"

"አልቀለድኩም። እሜቴ ስታስረክብ ክፍሉን ሙሉውን አይደለም እኮ የምትለካው። በበሩ ትገባለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጨረሯን ወዲያና ወዲህ ትለቃለች፣ ትወጣለች። ከፊቷ የምጠርግላት እኔ ነኝ፤ የት የት እንደምታይ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል?" ከዚያ ፊቱን አየችና "ወሬ ነው ያወራሁት ጋሼ" አለች።

ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ነው። ብሎኬት መሐሉ ክፍት ነው፤ ከውጭ ያለው ገላው ሦስት ሴንቲ ያህል ነው። ሁለቱን ሴንቲ ብትልጠው የቀረው የተጠበሰ ቂጣ ያህል ነው፤ ያውም ግድግዳውን በሙሉ የተሸከመው ረድፍ። ተማሪው እንዲህ ሲያደርግ ቢያገኘው ኖሮ ዕቃውን ቀምቶ ያባርረው ነበር።

ያንን ረድፍ ከራሱ ክፍል በኩል መላጥ አሥራ አንድ የምሳ ሰዓት ፈጀበት። በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከደጃፉ ወገን ጀምሮ ወደ ጓዳው ሄደ። ብናኙን በኮፍያው እያፈሰ አወጣው። ከአምስተኛው ብሎኬት ላይ መሮው አልፎ ገባና ባዶው ታየ፤ በሲሚንቶ ደፈነው። ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር፤ ኖራ ሲቀባው ማንም አይለየውም።

በሰባተኛው ቀን ቢተው ከግድግዳው ወዲያ ጮክ ብሎ "ጋሼ፣ ምሳ አይበሉም እንዴ?" አለው።

"የተንጠባጠበ ሲሚንቶ እያራገፍኩ ነው።"

"ይተዉትና ይምጡ። ስመኝ ሽሮ ሠርታለች።"

ሄደ። አለመሄድ ነገር ያስመስላል ብሎ ነው የሄደው። ስመኝ እጁን ስታስታጥበው ውሃው ነጭ ሆኖ ወረደ፤ ደግማ አፈሰሰችለት። ቢተው ሕፃኑ ሲወለድ አልጋውን የሚያስጠጋበትን ቦታ አሳየው፤ በዚያው በምሥራቁ ግድግዳ በኩል፣ ነፋስ የማይነካው ጥግ ነበር። እንየው ሁለት ጊዜ ጎረሰና ጠገብኩ አለ።

በርክክቡ ቀን ነፋስ ስለነበር እሜቴ ከዳገቱ ወገን፣ ከሠላሳ ሰባተኛው ጀመረች። ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። በበሩ ገባች፣ ወጣች። ራኬብ ከሰሌዳዋ አነበበች።

"ሠላሳ ሰባት። ሁለት ሜትር ከሃምሳ። አረንጓዴ።" ቀና ብላ እንየውን አየችው፤ ፊቷ ላይ ደስታም ጥያቄም ነበረበት። "እንኳን ደስ ያለዎት።"

ሠላሳ ስድስተኛው ውስጥ እሜቴ ዘገየች። ወጥታ እንደገና ገባች። እንዲህ ስታደርግ ከዚህ በፊት አልታየችም። ራኬብ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ ለሁሉም አሰማች።

"ሠላሳ ስድስት። ምሥራቅ ግድግዳ፣ ውፍረት አሥራ ስምንት ሴንቲ። ከሚፈቀደው በታች። ቀይ።"

"ብሎኬቱ ሃያ ነው" አለ ቢተው። "ሃያ ብሎኬት አሥራ ስምንት ግድግዳ ከየት ይወልዳል?"

"ሁለቱን ክፍሎች ለክታ በመካከል የቀረውን ነው ያሰበችው።"

እንየው ይህን አላሰበውም ነበር። አርባ ዓመት ግድግዳ ሲሠራ ውፍረት የሚባለውን ነገር ማንም ለክቶት አያውቅም፤ ብሎኬቱ ራሱ ነበር ልኩ።

"እያንዳንዱ ክፍል የሚጠየቀው በምሥራቅ ግድግዳው ነው" አለች ራኬብ። "ግድግዳው በማን ስም ተመዝግቧል?"

"በእኔ" አለ ቢተው።

ራኬብ ጣቷን ሰሌዳው ላይ ሳታሳርፍ ያዘችው። ዘወር አለች። "ጋሼ እንየው፣ የሚሉት ነገር አለ?"

አርባ ሰው ዞሮ አየው። ለመናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ትጓደድ የቡሬን አውቶቡስ ትኬት ይዛለች።

"የለም" አለ።

ራኬብ ከሦስቱ ምርጫዎች አንዱን ነካች።

ቢተው ማንንም ሳይጠይቅ ሠላሳ ሰባተኛው ክፍል ገባ። ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ሥር መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሲያሳልፍ ከውጭ ይታያል። ሲወጣ እጁ በኖራ ነጥቷል። ቢናገር የእንየው ክፍል ይሰረዝ ነበር፤ የራሱ ግድግዳ ግን መልሶ አይወፍርለትም፣ ቀዩም አረንጓዴ አይሆንለትም። ይህን እያሰበ ይሁን ወይ ሌላ፣ እንየው ሊያውቅ አልቻለም። ቢተው እጁን በሱሪው ጠረገና በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣

"የእርስዎስ እጅ ይታዘዛል፣ ጋሼ" አለው።

ቢተውና ስመኝ ቀድመው ያስገቡት ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ገና ያልተገጣጠመ የሕፃን አልጋ። ስመኝ ፍራሹን ስትጠቀልል እንየው ሊያግዛት ጠጋ አለ። አልከለከለችውም። ገመዱን አብረው ካሰሩ በኋላ "የልጁን ስም እርስዎ እንዲያወጡለት ተነጋግረን ነበር" አለችውና ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ዳሱ ወረደች።

የቆመ አይፈርስም። ሠላሳ ስድስተኛው ክፍል ለሰው የማይሆን ስለተባለ ለእሜቴ ማረፊያ ሆነ። በሩ ከውስጥ ተከረቸመ፤ ጣሪያው ተከፈተ፤ በሳምንቱ እሜቴ ብቻ ሳትሆን ከሌሎቹ ሰፈራዎችም አምስት መሰሎቿ እየመጡ በጣሪያው ይገቡ ጀመር።

ትጓደድ የገባችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ፍራሽ፣ በርበሬ፣ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ መጣች። ክፍሉ መሐል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ዞረች፣ ሳቀች።

"ጠበብ ትላለች፤ ግን የእኛ ናት።" ኖራውን በመዳፏ ዳሰሰችው። "አንተ ነህ የቀባኸው? ያንተ ሥራ ያስታውቃል።"

ፍራሹን በምዕራቡ ግድግዳ በኩል አነጠፈች። ቁጭ እንዳለች ጆሮዋን ቀሰረች።

"ጎረቤቶቻችን ንብ አላቸው እንዴ?"

"እ?"

"ይሰማል እኮ፣ እም ሲል።" በርበሬ በሣህን ቆንጠር አድርጋ በላዩ ቅቤ ጣል አደረገችበትና በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። "ባዶ እጄን አልተዋወቃቸውም።"

"ዛሬ ደክሞሻል፣ ይቆይ።"

"ምን ነካህ? ግድግዳ ተጋርተን ሳንተዋወቅ እንደር?"

ወጣች። እንየው ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ከወዲያ በኩል እምምታው በጀርባው ገብቶ በጥርሱ ይሰማዋል። የትጓደድ እርምጃ ጎረቤት በር ላይ ሲቆም ሰማ። አንኳኳች።

"ቤቶች!" አለች።

ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ እንደገና ተጣራች።